የአሸዋው ሰዓትና የሳሙናው ገበያ

ከሊቃውንቱ ወገን ብዙዎች በቴሌቪዥን የሚታየውን ተከታታይ ድራማ ሲነቅፉ በውስጡ ያለውን ዝሙትና ተንኰል ብቻ ይቈጥራሉ፤ ከታሪኩ በፊት የሚቀርበውን አጭር የመክፈቻ ሥዕልና ዜማ ግን እንደ ከንቱ ጌጥ አድርገው ያልፉታል። እኛ ይህ አስተያየት ስሕተት ነው እንላለን፤ ቤት በደጁ፥ ቅኔም በመነሻው ይታወቃልና።

አስቀድሞ ስሙን እንመልከት። በአሜሪካ ይህ ዓይነቱ ድራማ «የሳሙና ኦፔራ» የተባለው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት በራዲዮ ሲነገር ወጪውን ከሚከፍሉት መካከል እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና ሠሪዎች ስለ ነበሩ ነው። የሚፈልጉትም ቀን በቤቷ የምትውለውን እመቤት ነበር። ስለዚህ መክፈቻው ከማድቤት የሚጠራት ደወል ሆነ።

ደወሉም ሁሉ የራሱን ሕዝብ ያውቃል። በ1960 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው «ኮሮኔሽን ስትሪት» የሰሜኑን ሠራተኛ ሕዝብ ሲጠራ ቤተ መንግሥት አላሳየውም፤ ተደርድረው የተሠሩትን ቤቶች ጣራና የጭስ ማውጫ አሳየው፥ በዝግታ በሚነፋ መለከትም አጀበው። በ1985 የተጀመረው «ኢስትኤንደርስ» ምሥራቅ ሎንዶንንና የቴምዝን ወንዝ መታጠፊያ ከሰማይ ያሳያል። ሁለቱም ተመልካቹን «ሰፈርህ ይህ ነው» ይሉታል። በ1978 የወጣው የአሜሪካው «ዳላስ» ግን የነዳጅ ጕድጓድና ረጃጅም ሕንጻ አሳይቶ፥ የሌለውን ሰው በምኞት ሳበው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው በ1965 የተጀመረው «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» ነው። መክፈቻው የሚፈስስ የአሸዋ ሰዓት ነው። ሰሙ የዕድሜ ማጠር፥ ወርቁ ግን «አትነሺ፤ ነገም ተመለሺ» ነው። ዘመን አላፊ ነው የሚለው የንስሐ ምክር ዘመንን ማባከኛ ሆነ!

«ይህ የባዕድ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ቢኖር፥ ቃና ቴሌቪዥን ከ2016 ጀምሮ የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያሰማ ወደ ቤታችን እንዳስገባ ያስታውስ። «ይከልከል» የሚልም ቢኖር፥ በደጅ የተከለከለ በእጅ ስልክ እንደሚገባ ይወቅ።

እንግዲህ ሰባኪ ሆይ፥ ከነጋዴው አንድ ነገር ተማር። እርሱ የአድማጩን ጣራ አይቶ ይናገራል፤ አንተ ግን የምእመኑን የቤት ኪራይ፥ ድካሙንና ልቅሶውን ሳትመለከት መቅድምህን ታስረዝማለህ። አንድ ነገር ግን አትማርለት፤ እርሱ ታሪኩ እንዳያልቅ ይደክማል፥ የእኛ ስብከት ግን ፍጻሜ አለው። የአሸዋው ሰዓት እውነተኛ ትርጓሜም ይኸው ነውና፥ ከገበያ አንሥተን ወደ ዐውደ ምሕረት እንመልሰው።