ፊቱን እናንብብ፤ ፍርዱን ለሐኪም እንተው

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባላል። አባባሉ ለጠጪ ነው። በአንዳንድ ሰው ላይ ግን ነገሩ ቃል በቃል ይደርሳል፤ ብቅል የሚሆነው ገብስ አንጀቱን ይጎዳና ጉዳቱ ፊቱ ላይ ብቅ ይላል።

ይኸውም እንዲህ ነው። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ አካሉ መከላከያ በቀጭን አንጀቱ ላይ ይነሣበታል። የተጎዳ አንጀት ደግሞ ብረትንና ሌላውን ንጥረ ምግብ በሚገባ አይወስድም። ስለዚህ ፊት ይገረጣል፤ የከንፈር ጥግ ይሰነጠቃል፤ የአፍ ቁስል ይመላለሳል። ይኸ በልጅም በአዋቂም ይታያል። ሕመሙ በልጅነት ከጀመረ ቋሚ ጥርሶች ነጠብጣብ ወይም ጎድጓዳ መስመር ሊይዙ ይችላሉ፤ ያ ምልክት ሰውየው ካደገም በኋላ አይጠፋም።

ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ እንዲህ ያለውን ልጅ ምን አልነው? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። «ሰነፍ»፣ «እንቅልፋም» ብለን አለፍነው። ዳቦውን በልቶ የመጣ ልጅ አካሉ ተርቧል ብሎ መቼም ማን ይጠረጥራል!

ተቃራኒውም ስሕተት ነው። ፊት አይቶ «ይኸ የግሉተን ነው» ማለት አይቻልም። ግርጣትን የመንጠቆ ትልም፣ ወባም፣ የምግብ እጥረትም ያመጡታል። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ተማሪ ጥርሱ ቢበልዝ ከውኃው ፍሎራይድ የተነሣ ሊሆን ይችላል። ወላጅን «ዳቦ ከልክሉት» ማለትማ የባሰ ጥፋት ነው፤ የደሙና የአንጀቱ ምርመራ ልጁ ግሉተን እየበላ ሳለ ካልተደረገ ሕመሙ ሊደበቅ ይችላል።

ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ካሬል ዲከ እህሉን የጠረጠረው ሕሙማኑን ለዓመታት ተመልክቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944-45 ክረምት በአገሩ ረሀብ ገብቶ ዳቦ ሲጠፋ እነዚያ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ጥናቱን በ1950 አቀረበ።

እኛም ትዕግሥቱን እንማር። የገረጣውን ልጅ ለብቻው እንጠይቀው፤ ያየነውን እንጻፍ፤ ወላጆቹን አነጋግረን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት እናድርግ። ሐኪም ሴሊያክ ነው ካለ መድኃኒቱ ምግብ ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ በቆሎና ማሽላ ይስማሙታል፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተደባለቀበት እንጀራ፣ የገብስ ቆሎና በሶ ግን ይቅሩበት። ያን ጊዜ «ዳቦ አልበላም» ያለውን ልጅ «ቀበጥ» የሚል መምህር ከመካከላችን አይገኝ።