ሰልባጅ ካሜራችንን ተዉልን!
(ለተቺዎቻችን የተሰጠ መልስ)

ሰሞኑን በግቢያችን አንድ ወሬ በሰፊው ይናፈሳል። ወሬው ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ የፊልም ካሜራ አንግተን ወደ ሐኪም ጋራ የምንወጣውን ጥቂት ተማሪዎች የሚመለከት ነው። አንዳንዱ «ኋላ ቀሮች» ይለናል። አንዳንዱ «የፈረንጅ ፋሽን ያሰከራቸው» ይለናል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ «ሕዝቡ ለሚጠጣው ውኃ ጀሪካን ደርድሮ ሲሰለፍ እነሱ ፊልም ያጥባሉ» የሚለው ነው። ዝም ማለት እንደ ማመን ስለሚቆጠር መልሳችንን በተራ እናቀርባለን። ፍርዱን ለአንባቢ ትተናል።

፩ኛ/ «ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ነው» ለሚሉን

እስቲ ወንድሞችና እኅቶች፣ የለበሳችሁት ጃኬት ከየት መጣ? ሰልባጅ አይደለም እንዴ? ሌላ ሰው ለብሶት፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ሸዋ በር ተዘርግቶ አይደለም የገዛችሁት? ታዲያ የሰው ጃኬት መልበስ ሥልጣኔ፣ የሰው ካሜራ መያዝ ኋላ ቀርነት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ከሐረር በላይ ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ከተማ የለም። የፔጆ 404 ታክሲ የሐረር መለያ ሆኖ የኖረ መኪና ነው። ፈረንሳዮች በአገራቸው እሱን መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሆን የእኛ ሾፌሮችና ሜካኒኮች ግን ከዚያ በኋላ ስንት ዐሥር ዓመት ነዱት! መኪና ግርግርም ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ በእግር የሚዘወር ሲንጀር ዛሬም ሱሪ ያሳጥራል። ማንም ሰው ልብስ ሰፊውን «ጊዜህ አልፏል» ብሎት አያውቅም። የሚሠራ ዕቃ አያረጅም፤ የሚያረጀው የማይጠገን ዕቃ ነው። ይኸው እናንተም ይህችን ወቀሳና መልስ የምታነቡት በስቴንስል ተመትቶ በቀለም በተባዛ ወረቀት ላይ ነው። ጣታችሁን እዩት፣ ቀለም ነክቶታል።

ካሜራችን ምን እንደሆነ ለማያውቁ ጥቂት እናስረዳ። ከእጃችን ያለችው ዘኒት-ኢ ትባላለች። በሶቭየት ኅብረት ከ3 ሚሊዮን በላይ የተመረተች የሠራተኛ ካሜራ ነች። ባትሪ የሚባል ነገር አታውቅም። ግንባሯ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ ሴሊኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መለኪያው ቢሞትም ግድ የለም፤ ጥንት የሚሠራበት ሕግ አለ። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ 16 ላይ አድርግ፣ ፊልሙ 100 ከሆነ ፍጥነቱን 125 ላይ አድርግ፣ ከዚያ አንሣ። በቃ። መብራት ጠፍቶ ስልኩ የሞተበት ወዳጃችን ይህን ሲያይ ሳቁ ይቆማል።

በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሄደዋል። ዘኒትና ፕራክቲካ ዛሬ በየቤቱ ሣጥን የሚገኘው ከዚያ የተነሣ ይመስለናል። አባት በወጣትነቱ ያነገተውን ልጁ ይሸጠዋል፣ እኛ እንገዛዋለን።

የመግዛቱን ደስታ ደግሞ በወረቀት ለመግለጽ ያስቸግራል። ካሜራው ከተሰበረ ሬዲዮና ከቴፕ ክር መሀል አቧራ ለብሶ ይገኛል። ባለሱቁ እንዳየነው ያውቃል፤ እኛም እንዳላየን ሆነን መጀመሪያ የችቦ ባትሪ ዋጋ እንጠይቃለን።

«አባባ፣ ይቺስ ትሠራለች?»
«ወላሂ ትሠራለች!»
«ባትሠራስ?»
«ባትሠራ መልሰህ አምጣት፣ ሻይ እጋብዝሃለሁ።»

ገንዘቡን እመልሳለሁ እንዳላለ ልብ በሉ! ስለዚህ ገዢው ማወቅ አለበት። የኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ መዝጊያው ሲፈናጠር በሌንሱ ወደ ሰማይ ተመልከቱ፤ ብርሃኑ በሙሉ መታየት አለበት። የመዝጊያው ጨርቅ ቀዳዳ እንዳለው በፀሐይ ፈትሹ። ሌንሱን አዘንብሉና እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ እንዳለበት እዩ። አቧራ አይጎዳም፣ ሻጋታ ግን ይበላል። ዞርኪ ወይም ፌድ ካገኛችሁ ፊልም መጠምዘዣውን ሳታዞሩ የፍጥነት ቁጥሩን አትንኩ፤ ውስጡን ትሰብሩታላችሁ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ መከራከሩ ጨዋታ ነው። ሁለቴ ሄዶ ሦስተኛው ላይ መመለስ፣ በመጨረሻ ከነአሮጌ የቆዳ ቦርሳው ተጨምሮ መውጣት! ይህን ደስታ በጥናት ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አላገኘነውም።

፪ኛ/ «የፈረንጅ ፋሽን ነው» ለሚሉን

እውነት ነው፣ በውጭ አገር የፊልም ካሜራ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ፔንታክስ እ.ኤ.አ. በ2024 አዲስ የፊልም ካሜራ እስከ ማውጣት ደርሷል። እኛ ግን ካሜራ ለማንሳት ከቶኪዮ ፈቃድ አልጠየቅንም። ነገሩን ከሥሩ እንየው ካላችሁ ሐረር ከፎቶግራፍ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም።

ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ትቶ በሐረር ሲነግድ ካሜራ ከሊዮን አስመጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1883፣ ከተማይቱ በግብፆች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ የገዛ ራሱን ፎቶዎች ለእናቱና ለእኅቱ ላከ። አንዱን በቤት ሰገነት ላይ፣ አንዱን በቡና አትክልት፣ ሌላውን በሙዝ ተክል መሀል ሆኖ የተነሣቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ካሜራውን ሳይከስር እንደሸጠውና መሸጡ እንዳሳዘነው ለቤተሰቡ ጻፈ። እንግዲህ ሰልባጅ ካሜራ በዚህ አካባቢ ታሪክ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም! ሻጩ ራምቦ ነበር፤ ገዢው ማን እንደሆነ ግን የሚያወራለት የለም።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከጨዋታ የሚያልፈው። ከዚያን ዘመን ጀምሮ የሐረር ፎቶ በአብዛኛው የመጪና የሄያጅ ፎቶ ነው። ቱሪስቱ የጅቡን ማብላት፣ የግንቡን ቀለምና የሴቶቹን ሻሽ ያነሣል፤ ይዞት ይሄዳል። ከአስጎብኚው ጋር «ራምቦ ቤት» ገብቶ የድሮዋን ሐረር ፎቶ ያያል። ቤቱ ራሱ ግን ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ ሥልት የተሠራ ነው። የእኛ ሰው ያነሣው የእኛ ሰው ፎቶ የት አለ? አለ፤ በተዘጉ ፎቶ ቤቶች ጓዳ፣ በካርቶን ታሽጎ አለ። የሠርጉ፣ የምርቃቱ፣ የዓረፋው፣ የጥምቀቱ፣ ለመታወቂያ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ሁሉ ኔጋቲቩ እዚያ ነው። እኛ በዓይናችን ያየነውን እንመስክር። አንድ ፎቶ ቤት ሲዘጋ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኔጋቲቭ ከቆሻሻ ጋር ሊወጣ ደርሶ ነበር። ከፍተን ስናሸተው የኮምጣጤ ሽታ ሸተተን። ይህ ፊልሙ መበስበስ ለመጀመሩ ምልክት ነው፤ አንዴ ከጀመረ አይመለስም፣ አጠገቡ ያለውንም ይጎዳል። የአንድ ከተማ የሃምሳ ዓመት ፊት በማዳበሪያ ውስጥ!

አዲስ አበቦች በየቤተሰቡ አልበም የነበረውን ፎቶ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ 82 መስጊዶቹ ተቆጥረዋል። ግንቡ ተቆጠረ፣ በሩ ተቆጠረ፣ በግንቡ ውስጥ የኖረው ሰው ፊት ግን ማን ቆጠረው? ኔጋቲቭን ለይቶ የሚያውቅ፣ በብርሃን ይዞ የሚያነብ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ የገባው ወጣት ከየት ይመጣል? አሮጌ ካሜራ በእጁ ይዞ ከተማረው ነዋ!

፫ኛ/ «ውኃ ታባክናላችሁ» ለሚሉን

ይህ ወቀሳ ከባድ ነው፤ በፌዝ አናልፈውም። የሐረር ውኃ ችግር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከተማይቱን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ደርቆ ማየታችን ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል። ራምቦም ቢሆን ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበበት መጥፎ ውኃ ምክንያት እንደሆነ በደብዳቤው አማርሯል። ግን ቁጥሩን እንነጋገር። ፊልም ከቧንቧ ሥር ዘፍዝፎ ማጠብ ድሮ ቀረ። ጣሳውን ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ 10 ጊዜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞልቶ 20 ጊዜ፤ አለቀ። የአንድ ፊልም ጣሳ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚይዝ ለማጠቢያው 1 ሊትር አይሞላም። ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ 2 ሊትር ግድም ነው። በዚህ 36 ፎቶ ይታጠባል። ወቃሾቻችን ጠዋት ጫማቸውን የሚያጥቡበት ከዚህ ይበልጣል።

መድኃኒቱስ? ስሙ፣ ይህ ለሐረር ልጅ የምሥራች ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ይታጠባል! እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊልያምስ የሚባሉ መምህር ከተማሪዎቻቸው ጋር ያወጡት ዘዴ ነው። ፈጣን ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ በኋላም ቪታሚን ሲ የተጨመረበት ነው። ሥራውን የሚሠራው እንቅልፍ የሚነሣው ካፌይን ሳይሆን ካፌይክ አሲድ የተባለው ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ የሚመረጠው ርካሹ ሮቡስታ ነው። ስለዚህ እናቶቻችን አይስጉ፣ የሐረር ቡና ለሲኒው ይቀመጥ! ምስሉን የሚያጸናው ሃይፖ ግን ተፈልጎ መገዛት አለበት፤ እሱን ቡና አይተካውም።

ፊልሙ ውድ ነው ትሉናላችሁ። ነው። ለዚህም ነው አንዱን ጥቅልል ለአራት የምንገዛው፣ ለእያንዳንዳችን ዘጠኝ ዘጠኝ ፎቶ የሚደርሰን። በስልክ በአንድ ጠዋት 300 ፎቶ ያነሣ ሰው አንዱንም አላየም። ዘጠኝ ብቻ ያለው ሰው ግን አይቶ፣ አስቦ፣ ባለቤቱን «እማማ፣ ላንሣዎ?» ብሎ አስፈቅዶ ነው የሚያነሣው። እምቢ ካሉ ፊልሙም ክብራቸውም ይተርፋል። ሐኪም ጋራ ከከተማይቱ በስተደቡብ ስለሆነ ከጥቅምት እስከ ጥር ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፤ ጀጎል ከፊታችሁ ተዘርግቶ እስከ ማታ ይበራል። ይህን የተማርነው ፊልም እንዳይባክንብን ስንል ፀሐይዋን ቆመን በመጠበቅ ነው። ስልክን አልጠላንም፤ ያጠብነውን ኔጋቲቭ ለጓደኛ የምንልከው በስልክ አንሥተን ነው። የምንጠላው ሳያዩ ማንሣትን ነው።

፬ኛ/ ለገዛ ወገኖቻችን

ተቺዎቻችንን ከመለስን ዘንድ የራሳችንንም ወገን አንምርም። በመካከላችን ፊልም የሌለው ካሜራ አንግቶ ለመታየት ብቻ የሚዞር አለ። ዘኒት እንደ አንገት ሐብል ሲሆን ማየት ያሳፍራል። ገዝቶ በመስተዋት ሣጥን የሚቆልፍም አለ፤ መዝጊያው ሳይሠራ ቆይቶ ይደርቃል፣ ዕቃው በአክብሮት ይሞታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ከአዛውንት በርካሽ ገዝቶ ለቱሪስት በእጥፍ የሚሸጠው ነው። ካሜራው ወጣ ማለት ተማሪው እጁን የሚያፍታታበት ዕቃ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው።
ሀ/ ካሜራ ያላችሁ አንሡበት፤ የማታነሡበት ከሆነ ለሚያነሣ አበድሩ።
ለ/ ቤታችሁ ያለውን ኔጋቲቭ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁ፤ በላስቲክ አታፍኑት፣ በወረቀት ጠቅልሉት፣ የሰውየውን ስምና ዘመኑን እርሳስ አንሥታችሁ ጻፉበት። የሚነግሯችሁ ሽማግሌዎች ዛሬ አሉ።
ሐ/ ፎቶ ቤት ሊዘጋ መሆኑን የሰማ ሁሉ ለዚህች መጽሔት ይንገር። ማዳበሪያውን ተሸክመን እናመጣለን።

የቀረው ወሬ ነው። ለወሬ ፊልም አናባክንም።