ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚመጣ መርሳት

አዛውንት አባት ከኦፕራሲዮን ወጥተው የገዛ ልጃቸውን «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አሉት ሲባል ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ወሬው የሚያበቃውም «ማደንዘዣው ጭንቅላታቸውን ነክቶት ነው» በሚል ፍርድ ነው። ይህን ሰምቶ፣ ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናቱን «ኦፕራሲዮኑ ይቅርብን» የሚል ልጅ አለ። እኛን ያሳሰበን ይኸው ነው። ዳሌው ሳይጠገን አልጋ ላይ የቀረ አረጋዊ ለሳንባ ምች፣ ለደም መርጋትና ለአልጋ ቁስል ይዳረጋልና።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቤድፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1955 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጽፎ ነበር። በዚያው መጽሔት በ1998 የወጣ ጥናት ደግሞ ከባድ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከ1,200 የሚበልጡ ሰዎችን ተከታትሏል። ከሳምንት በኋላ ከ100ው 26 ያህሉ በማስታወስና በማሰብ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኙ። ከሦስት ወር በኋላ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ወርዷል። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው እኩዮቻቸው መካከል እንዲህ የሆኑት 3 ያህል ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ጥፋቱ የማደንዘዣው ነውን? እንዲያ ቢሆን ኖሮ ከወገብ በታች ብቻ የሚያደነዝዘው፣ በጀርባ የሚሰጠው መርፌ መፍትሔ በሆነ ነበር። በ2021 ይፋ የሆነው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረ 1,600 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ አወዳደረ። በሁለቱም ወገን ከ100ው 20 ያህሉ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ተቃዥተዋል። (እርግጥ ነው፣ በጀርባ ከተወጉትም ብዙዎቹ የሚያፈዝ መድኃኒት ተጨምሮላቸዋል።) ቁስሉ የሚቀሰቅሰው የሰውነት መቆጣት፣ ሕመሙ፣ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ጥማት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀድሞ የነበረና ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያለፈው የመርሳት ችግር ተደማምረው ነው አእምሮን የሚያናጉት።

ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለሐኪሙ የሚነገር ነገር አለ። እማማ ከዚህ ቀደም ይረሱ ነበርን? ለእንቅልፍ የሚወስዱት ክኒን አለን? አንዳንዱ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒት የአዛውንትን አእምሮ ያደናግራልና አይደበቅ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አስታማሚው መነጽራቸውን፣ የመስሚያ መሣሪያቸውንና ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ቶሎ ይመልስላቸው። ቀን መጋረጃው ይከፈት፤ ሌሊት ጠያቂ አይብዛ። «እማማ፣ ዛሬ ሰኞ ነው፤ ያለነው ሆስፒታል ነው፤ ዙህር ደርሷል» እያሉ ቀስ ብሎ መንገር ይጠቅማል። ከተቃዡ መከራከር አይገባም። ሐኪሙ ሲፈቅድ ውኃ ማጠጣትና ማራመድ ያስፈልጋል። ይህ ተራ ነገር አይምሰለን፤ በ1999 በወጣ አሜሪካዊ ጥናት እንዲህ ያለ እንክብካቤ፣ ለኦፕራሲዮን ሳይሆን በሌላ ሕመም በተኙ ከ70 ዓመት በላይ በሆኑ ሕሙማን ላይ፣ የሚቃዡትን ከ100ው ከ15 ወደ 10 አውርዷል።

የሚቃዥ ሁሉ አይጮኽም። ዝም ብለው የሚያንቀላፉትን ቤተሰብ «ዐረፉልን» ይላቸዋል፤ ችግሩ ሳይታወቅ የሚቀረው በእነዚህ ነው። በድንገት የፈዘዘ ወይም የተደናገረ ሕመምተኛ ሲታይ ነርስ ወዲያው ትጠራ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። መርሳቱ ከሦስት ወር በኋላም ካልለቀቀ ወደ ሐኪም ይዞ መመለስ ይገባል።