ብረት ትውልድ የለውም

በዚህ ግቢ ውስጥ አንድ በሽታ ገብቷል፤ የብረት ፍቅር የሚባል። ማታ ማታ በመኝታ ቤቶቻችን፣ ቀን ቀን በሻይ ቤቱ ጥግ ክርክሩ ሁሉ ያው ነው። ኤፍ 5 ይበልጣል ወይስ ሚግ 21? የሚሳይል ጀልባ ይሻላል ወይስ ፍሪጌት? አራተኛው ትውልድ አውሮፕላን ከሦስተኛው በምን ይለያል? ፍጥነቱ በቃል ይጠራል፣ የመድፉ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፣ የሞተሩ ድምፅ ሳይቀር በአፍ ይሠራል። ተከራካሪዎቹ የምህንድስና ተማሪዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዝም ባልን ነበር። ነገር ግን የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን የምንለውም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን እናዳምቃለን። ይባስ ብሎም በግጥም ምሽቶቻችን ላይ ጀቱ «ንስር»፣ ጀልባዋ «ነብር» እየሆኑ ይመጣሉ። እኛም ብንሆን ከዚህ ኃጢአት ንጹሐን አይደለንም። ከመካከላችን «የብረት ንስር» የሚል ስንኝ ቋጥሮ የማያውቅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

ይህን የምንጽፈው ታዲያ ማንንም ለመሳደብ አይደለም። የጦር መሣሪያ ታሪክ የመሣሪያው ታሪክ ብቻ ነው፣ ብረት ብረትን እየወለደ እዚህ ደርሷል የሚለው አስተሳሰብ ከመሠረቱ ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው። ስህተቱ ደግሞ የዕውቀት ብቻ አይደለም። ሰው ከታሪክ የሚሰረዝበት መንገድ ነው።

እስቲ «ትውልድ» የምትለዋን ቃል እንያዛት። ትውልድ ካለ ወላጅ መኖር አለበት። አጥቂ ጀልባን ማን ወለዳት? ነገሩ የሚጀምረው በ1866 ነው (የውጭ አገሩን ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)። ዛሬ ሪየካ ተብላ በክሮኤሽያ በምትገኘው በያኔዋ ፊዩሜ፣ ሉፒስ የተባለ የኦስትሪያ ባሕር ኃይል መኮንን ያመጣውን ሐሳብ ይዞ ዋይትሄድ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በታመቀ አየር እየተገፋ ውኃ ውስጥ የሚሄድ ቶርፒዶ ሠራ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ትንሽ ጀልባ አንድን ግዙፍ መርከብ ለማስመጥ ተስፋ ልታደርግ ቻለች። ፈረንሳይ ውስጥ በአድሚራል ኦብ ዙሪያ የተሰበሰቡ መኮንኖች ይህን ተስፋ ጨበጡት። የእንግሊዝን ትልልቅ መርከቦች በትልልቅ መርከብ መግጠም ካዝና ያራቁታል፤ ስለዚህ በብዙ ትንንሽ የቶርፒዶ ጀልባዎች እንክበባቸው የሚል ነበር ሐሳባቸው።

እንግሊዝስ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች? በ1893 «ሃቮክ» የምትባል መርከብ ሙከራ ጀመረች። የመደቧ ስም «የቶርፒዶ ጀልባ አጥፊ» ነበር፤ ሥራዋ ስሟ ውስጥ አለ። ዛሬ በአጭሩ «ዲስትሮየር» የምንለው የዚህችው ዘር ነው። ሃቮክ ከ300 ቶን አትበልጥም ነበር፤ ዛሬ የአሜሪካ ዲስትሮየር ወደ 9,000 ቶን ይጠጋል። ትንሿን ሊያሳድድ የወጣው አጥፊ ራሱ ግዙፍ ሆኖ ዐረፈው። እንግዲህ ወላጁን ፈልጉ ከተባልን፣ አባትየው የፈረንሳይ የገንዘብ ስሌት፣ እናቲቱ የእንግሊዝ ፍርሃት ናት። ብረቱ የተላከበትን ሄደ እንጂ የራሱ ሐሳብ አልነበረውም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተራማጅ ነን የሚሉ ወንድሞቻችን ጣልቃ ይገባሉ። «ትንሿ ጀልባ የድሀ አገር መሣሪያ ናት፤ የዳዊት ወንጭፍ ናት» ይላሉ። ማስረጃቸውንም እናውቃለን። በጥቅምት 1967 ከፖርት ሰይድ ወደብ የተተኮሱ ሚሳይሎች ኢላት የተባለችውን የእስራኤል ዲስትሮየር አሰመጡ። 47 መርከበኞች ሞቱ። ተኳሾቹ ኮማር የሚባሉ፣ የኢላትን ክብደት አንድ ሃያኛ እንኳ የማያህሉ የግብፅ ጀልባዎች ነበሩ። በዓለም ላይ መርከብ በመርከብ ሚሳይል ሲሰምጥ የመጀመሪያው ነበርና የባሕር ኃይሎች ሁሉ ደነገጡ። ጎልያድ ወደቀ ተባለ።

ወደቀ፤ ተነሣም። ስድስት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1973፣ በሶርያ ጠረፍ በላታኪያ ፊት ለፊት የእስራኤል የሚሳይል ጀልባዎች ከሶርያ ጀልባዎች ጋር ገጠሙ። የሶርያ ሚሳይል ርቀቱ ይበልጥ ነበር፤ በሻይ ቤታችን ሂሳብ ቢሆን ሶርያ አሸናፊ ናት። እስራኤሎቹ ግን በራዳር ማሳሳቻ የሶርያን ሚሳይሎች ባዶ ባሕር ላይ አስወድቀው፣ ቀርበው መቱ። በ1991 ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ የሚሳይል ጀልባዎች ከእንግሊዝ ሄሊኮፕተሮች በተተኮሱ ሚሳይሎች እየተለቀሙ አለቁ። የዳዊትን ወንጭፍ ጎልያድም ገዝቶ ይታጠቀዋል ማለት ነው። ደግሞስ የመጽሐፉ ዳዊት ድንጋዩን ከወንዝ በነፃ ለቀመ፤ የዘመናችን ዳዊት ግን ወንጭፉን ከትልልቆቹ መንግሥታት በዱቤ ነው የሚወስደው። ኮማር የተሠራችው ካይሮ አይደለም። ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ጀልባዋን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ነዋ!

ወደ አውሮፕላኑ እንምጣ። የሻይ ቤት ሊቃውንቶቻችን ታሪኩን ከአውሮፓ ሰማይ ይጀምሩታል። ስህተት! ከአውሮፕላን ላይ ቦምብ የተጣለው መጀመሪያ አፍሪካ ላይ ነው። በኅዳር ወር 1911 መጀመሪያ ጋቮቲ የሚባል የኢጣሊያ መቶ አለቃ ሊቢያ ውስጥ በአይን ዛራና በታጁራ ላይ አራት ትንንሽ ቦምቦች በእጁ ወረወረ። አንዱ ቦምብ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው፤ የአንድ ቤት የቡና ስኳር ማለት ነው። ያ ሁለት ኪሎ ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ ወደ እኛ ሲመጣ ምን እንዳከለ አያቶቻችን ያውቃሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከአየር ተደበደበች። በዚያው ሰሞን የሰናፍጭ ጋዝ በተከዜ አካባቢ መውረድ ጀመረ። በታኅሣሥ ወር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከነድንኳኑ ተመታ። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በመቶ ሲቆጠሩ የኛዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከነዚያም ለውጊያ የሚሆን አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዝርዝር ጓደኞቻችን ከኛ ይልቅ ያውቁታልና በአጭሩ እንለፈው። ጀርመኖች ስቱካ የተባለውን አውሮፕላን ሲወረወር እንዲያለቅስ ጩኸት የሚያወጣ መሣሪያ ገጠሙለት። ይህ ለታንክ አልነበረም፤ ታንክ ጆሮ የለውም። ለሰው ልብ ነበር። ሶቭየቶች ኢል 2ን ከ36,000 በላይ አድርገው ሠሩ። አሜሪካኖች ኤ 10ን በአንድ ትልቅ መድፍ ዙሪያ አነጹት፤ በደቂቃ ወደ 3,900 ጥይት ይተፋል። ይህን ቁጥር እኛም እንወደው ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ጓደኛችን «በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ስም ሊጠራ ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። ጠረጴዛው ዝም አለ። ይህ ጽሑፍ የተወለደውም ከዚያ ዝምታ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ክርክሩ የሚፈታው እዚህ ነውና። ብረት ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ በ1969 ዓ.ም. መጨረሻና በ1970 መጀመሪያ የኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያ በሆነ ነበር። ሚግ 21 ከኤፍ 5 በፍጥነት ይበልጣል። የኛዎቹ ግን በልምድና በሥልጠና በለጡ። «ኤፍ 5 አሸነፈ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግማሹን እውነት ቀበረ። አብራሪው ለገሰ ተፈራ ተመትቶ ወድቆ ሶማሊያ እስር ቤት ውስጥ 11 ዓመት ተቀመጠ። ያን 11 ዓመት የትኛው የቴክኒክ ሠንጠረዥ ውስጥ እናስገባው?

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረን ግን የካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ያኔ ፍሪጌት ነበረው፤ ከሶቭየት የመጡ የሚሳይልና የቶርፒዶ ጀልባዎችም ነበሩት። ሻዕቢያ በባሕር በኩል የመጣው መትረየስ በተጠመደባቸው ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነው። በሦስት ቀን ገደማ ወደቡ ተያዘ። እዚህ ላይ የዳዊት ወንጭፍ ወዳጆች እልል ለማለት ይነሣሉ። ቆዩ፣ ታሪኩ አላለቀም። ወደቡ ከተያዘ በኋላ አውሮፕላኖች መጡ። ከተማዋ በክላስተር ቦምብ ጭምር ተደበደበች፤ ለረሃብተኛ የመጣ እህል ተቃጠለ። ጀልባ ጀልባን አሸነፈ፣ ከዚያ አውሮፕላን ከተማን መታ፤ በመካከሉ የዳቦ ወረፋ የያዘችው እናት የማን ወገን ነበረች? ከዚያ በፊት፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ሐውዜን በገበያ ቀን ከአየር ስትደበደብ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው አለቀ። በዘመናችንም፣ እኛ ትምህርት ቤት ሳለን፣ በ2014 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ደደቢት ላይ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ከሰው አልባ አውሮፕላን የተጣለ ቦምብ ከ50 በላይ ሰው ገደለ። ይህኛውን «አዲሱ ትውልድ» ይሉታል።

የዚያ ሁሉ ብረት መጨረሻስ? በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ወደ የመንና ወደ ጎረቤት ወደቦች ተበተኑ። በ1985 አገሪቱ ባሕር አልባ ሆነች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቀሩት መርከቦች በርከት ያሉት ጂቡቲ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ብረት ይኸው ነው፤ ዋጋው በኪሎ ይጠራል። ባሕረኞቹ ግን በጨረታ አልተሸጡም። ከተማችን ውስጥ በጥበቃና በሹፍርና ሥራ እያረጁ ነው፤ ከኛ አንድም ሰው ሄዶ «አባባ፣ እንዴት ነበር?» አላላቸውም።

«ታዲያ አገር ባዶ እጇን ትቀመጥ ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ደሴን የጠቀስነው ለዚህ ነው። ሰማይዋን መጠበቅ ያቃታት አገር ምን እንደሚደርስባት እናውቃለን። በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና ይቋቋማል ሲባልም ያልተደሰትን አልነበርንም። የምንለው ሌላ ነው። መሣሪያ ሲመጣ የተማረ ሰው ሥራ ማጨብጨብ አይደለም፤ መጠየቅ ነው። ከየት መጣ? በምን ተከፈለ? በማን ላይ ይተኮሳል? የሞተውንስ ማን ይቆጥራል?

የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጥፋት ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም ወንጀሉ የሚደበቀው በቋንቋ ነው፣ የቋንቋ ባለሙያዎቹ ደግሞ እኛ ነን። አማርኛ «ተ» የምትባል ትንሽ ፊደል አላት። መታ የነበረውን ተመታ፣ ደመሰሰ የነበረውን ተደመሰሰ ታደርገዋለች። «ዒላማው ተመታ» ሲባል መቺውም ተመቺውም ይጠፋሉ፤ አንዱ ከግሡ ውጭ ይቀራል፣ ሌላው «ዒላማ» ሆኖ ስሙን ያጣል። ከላይ ስለ ሐውዜንና ስለ ምጽዋ የጻፍነውን መልሳችሁ አንብቡ፤ እኛም «ተደበደበች» ብለን አልፈናል። እናርመው። ሐውዜንን የደበደበው የደርግ መንግሥት አየር ኃይል ነው። ምጽዋንም እንዲሁ። አያችሁ፣ አንድ ፊደል ስታነሡ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አገኘ! «ንስር» የሚለው ዘይቤም ከዚህ አይለይም። ንስር የሚያድነው ለጫጩቶቹ ነው፤ ጀቱ ጫጩት የለውም። ንስርን ማንም አይጠይቀውም፤ አውሮፕላንን ግን የላከው ሰው አለ፣ እሱም ሊጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎችና ጸሐፊዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከእንግዲህ ስለ ጦር መሣሪያ የሚጽፍ ይጻፍ፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ የብረት ስም አጠገብ አንድ ሰው ያስቀምጥ፤ የያዘውን፣ የተመታበትን ወይም ዋጋውን የከፈለውን። ሰው ካላገኘ ሄዶ ይፈልግ። ባሕረኛው በር ላይ ተቀምጧል። የሐውዜን ልጆች ከኛው ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። እኛም በሚቀጥለው እትም ከአንድ አሮጌ ባሕረኛ ጋር የምናደርገውን ጭውውት ይዘን እንቀርባለን፤ ሳንቀርብ ከቀረን ሻይ ቤት ውስጥ ይህን ጽሑፍ አምጡና ፊታችን ላይ አንብቡልን።

ትውልድ ያለው ሰው ነው። ቆጠራውም ከሰው ይጀመር።