ጅቦቹ ያልመጡበት ሌሊት



በልጅነታችን እናቶቻችን ሁሉ የሆረር ፊልም ባለሙያዎች ነበሩ። «ዝም በል! አያ ጅቦ መጣ!» ይሉናል። ጅቡን አያሳዩንም፣ ጥርሱን አይገልጹልንም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ በሩ ያያሉ፣ አለቀ። የቀረውን እኛው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን እንጨርሰዋለን።

ይህን ያስታወሰችኝ ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ሐረር ልትጠይቀን የመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ፊልም ትማራለች። ለክፍሏ የሁለት ደቂቃ የሆረር ፊልም ትሬይለር መሥራት ነበረባት። «ትሬይለር» ስትለኝ በድሬዳዋ መንገድ የምናውቀው ተሳቢ መኪና ነው ፊቴ ላይ ድቅን ያለው። ነገሩ ለካ ብዙም አይራራቅም። ስሙ የወጣለት ድሮ ከዋናው ፊልም ኋላ ተከትሎ ይታይ ስለነበረ ነው። ዛሬ ቦታውን ቀይሮ ወደፊት መጥቷል።

በስልኳ የቀረጸችውን ቡና እየጠጣን አሳየችን። ጀንበር ስትጠልቅ የጀጎል ግንብ ይታያል። በጠባቡ መንገድ አንዲት ልጅ ትሮጣለች። ከጨለማው ውስጥ ሁለት ዓይኖች ያበራሉ። ጅብ ይጮኻል። በመጨረሻ ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው ካሜራውን ትኩር ብለው ያያሉ። ሌሊት ወደ ጅብነት የሚለወጡት ቡዳ እሳቸው ናቸው ማለት ነው።

እኔ ትንሽ ደንገጥ ብያለሁ። አብረውን ያዩት የጎረቤት ልጆች ግን ጅቡ ሲመጣ ሳቁ። «ይሄማ ወራባ ነው!» አሉ።

ልጅቷ ከፋት። ሕጉን ሁሉ ጠብቃ ነው የሠራችው። እውነትም የሆረር ትሬይለር የታወቀ ሕግ አለው። በሰላም ይጀምራል፦ ቤት፣ ቤተሰብ፣ ብርሃን። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነገር ትዛባለች። ሙዚቃው ቀስ እያለ ይወፍራል፣ ምስሎቹ ይፈጥናሉ፣ ድንገት ጸጥ ይላል። ጨለማ። የፊልሙ ስም ይመጣል። ተመልካቹ «አበቃ» ብሎ ትንፋሹን ሲለቅ የመጨረሻዋ ድንጋጤ ትከተላለች። ይህ መልክ ለተመልካቹ ቃል መግባት ነው፤ ምን ዓይነት ፊልም ሊያይ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ታላላቆቹ ሠሪዎች ግን ሕጉን የሚጠብቁት በመቆጠብ ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 ለወጣው «ሳይኮ» ባዘጋጀው ትሬይለር ከስድስት ደቂቃ በላይ ራሱ ቤቱን እንደ አስጎብኚ እየዞረ ያሳያል። ከፊልሙ አንድም ትዕይንት አያሳይም፤ በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ ብቻ ጩኸት ይሰማል። በ1980 የወጣው የ«ሻይኒንግ» ትሬይለር አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ የሊፍት በር ይከፈትና ደም እንደ ጎርፍ ይወርዳል። «ጆውስ» ሲሠራ ደግሞ የማሽኑ ሻርክ እየተበላሸ ስላስቸገረ ሻርኩ በአብዛኛው ሳይታይ ቀረ፤ ፊልሙን ያስፈራውም ይኸው ነው። ሁሉም የእናቶቻችንን ዘዴ ነው የተጠቀሙት።

ታዲያ የእህቴ ልጅ የት ላይ ሳተች? አበው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። እሷ ጅቡን ያመጣችው በሚያውቁት አገር ነው።

ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው ለጅብ ሌላ ዓይን አለው። በጀጎል ግንብ ውስጥ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ። ሌሊት ይገባሉ፣ የተጣለ አጥንትና ትራፊ ለቅመው ይወጣሉ። ጅኒ የሚያባርሩልን፣ የሚበሉልንም እነሱ ናቸው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ከግንቡ ውጭ በየምሽቱ ጅብ የሚመግቡ ሰዎች አሉ፤ በእንጨት ላይ ሥጋ አድርገው በአፋቸው ይዘው ጭምር ያጎርሷቸዋል። በአሹራ ደግሞ ቅቤ የተደረገበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። በጥንት የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀምረው ነበርና ቅዱሳኑ ሐኪም ተራራ ላይ ተሰብስበው በገንፎ አስታረቋቸው ይባላል። ጅቦቹ ገንፎውን በደንብ ከበሉ ዓመቱ መልካም ነው፤ ትተውት ከሄዱ ግን ክፉ ምልክት ነው።

ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር እ.ኤ.አ. በ2017 «ሃይራት» የሚል አጭር ፊልም በጥቁርና ነጭ ሠርታለች፤ ስለ አንድ የሐረር ጅብ መጋቢ ነው። ያው ጨለማ፣ ያው የሚያበሩ ዓይኖች። የሚያስፈራ ነገር ግን የለውም፤ ይልቅ የወዳጅነት ፊልም ነው። ማስፈራት ከእንስሳው ሳይሆን ከአቀራረቡ እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘሁም።

ወደ አሮጊቷ ልመለስ። ሴትዮዋ ጎረቤታችን ናቸው። ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ጀበናና ምጣድ ይሸጣሉ። ልጅቷ «ዝም ብለው ካሜራውን ይዩልኝ» ስትላቸው ደስ ብሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ነው የተቀመጡት። ምን እንደተደረጉ አላወቁም። «ሳያዩት አይላክም» ብዬ ይዣት ሄድኩና አሳየቻቸው። ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ስልኩን መለሱላትና፣

«ልጄ፣ አንቺ ነገ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ። እኔ እዚሁ ነኝ። ሰው ከእኔ ጀበና መግዛት ቢተውስ?» አሏት።

የእህቴ ልጅ መልስ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም።

አንባቢዬ፣ «ፊልም ነው እኮ» እንዳትሉኝ። በአገራችን ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ «ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እየተባለ ስንት ዘመን ከሰው ተገልሎ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ትሬይለር ደግሞ ከፊልም ይልቅ ለዚህ ነገር አደገኛ ነው። ፊልሙ በመጨረሻ «ሴትዮዋ ንጹሕ ነበሩ» ሊል ይችላል፤ ትሬይለሩ ግን ጥርጣሬውን ዘርቶ ይሄዳል። ሰው የሚቀባበለውም እሱን ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ሁሉንም አጥፍታ እንደገና ጀመረች። አንድ ጥያቄ ይዛ በየቤቱ ዞረች፦ «ሐረር ውስጥ ሌሊት ምን ያስፈራችኋል?» የምትፈልገውን የሰጧት እነዚያው የሳቁባት ልጆች ናቸው። አንዱ «ወራባ ያልመጣ ቀን» አላት።

አዲሱ ትሬይለር የሚጀምረው በቀን መኪና ግርግር ላይ ነው። ይህ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድምፁ ሞቅ ብሎ ይሰማል። ይመሻል። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። አንድ ሰው ከግንቡ ውጭ ሥጋ ይዞ ቁጭ ብሎ ጅቦቹን ይጠራል። እንደገና ይጠራል። የግንቡ ቀዳዳ ባዶ ነው። ያልተነካ ገንፎ፣ በላዩ የረጋ ቅቤ። ምስሎቹ ይፈጥናሉ፦ የሚዘጋ በር፣ የሚጠፋ መብራት፣ ወደ ቤት የሚጎተት ልጅ። ጸጥታ። ጎረቤታችን ፋኖስ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ይቆሙና «ዛሬ አልመጡም» ይላሉ። በትሬይለሩ ውስጥ ያለው ንግግር ይኸው ብቻ ነው። ጨለማ፣ የፊልሙ ስም። «አበቃ» ስትሉ በዚያ ባዶ ቀዳዳ በኩል የሆነ ነገር ይተነፍሳል።

ሕጉ አንዱም አልተሻረም። ጅብ ግን የለበትም። ልጆቹ በዚህኛው አልሳቁም፤ አንደኛዋ እንዲያውም እናቷ መጥተው እስኪወስዷት ከአጠገቤ አልተነሣችም። ጎረቤታችን ደግሞ ንግግራቸውን ለመጣ ለሄደው እየደጋገሙ ያሰማሉ።

ዛሬ ልጆቻችን ሁሉ ስልክ ይዘዋል፤ ማስፈራራትም ይወዳሉ። አትከልክሏቸው። «ካሜራ ስጡን» ሲሏችሁ ግን ሦስት ነገር ጠይቋቸው። እዚህ ሰፈር እውነት የሚያስፈራው ምንድን ነው? ሳታሳዩት ልታስፈሩበት ትችላላችሁ? ክፉ ሆኖ የሚታየው ሰው ነገ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ምን ይባላል? የተቀረጸው ሰው ሳያየውም ለማንም አይላክ። በመስጊድና በአዋች ደጃፍ ካሜራ ከማውጣት በፊት ማስፈቀድ እንዳለባቸው አስታውሷቸው። ታናናሾቹን ደግሞ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ አታሳዩአቸው፤ አያ ጅቦ ብቻውን ይበቃቸዋል።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።