ለታዳጊዎቹ የመሰለፍ ዕድል ስጧቸው
አዲሱ የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ዘመን ሲቃረብ የክለቦቻችን ወሬ ሁሉ ዝውውር ይሆናል፤ ከተስፋ ቡድን ስላደገው ልጅ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አጥቂው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል የአንድ ውድድር ዘመን ክብረ ወሰን ሲሰብር ሃያ ዓመትን ገና ያለፈ ወጣት ነበር። እዚያ የደረሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ እየተሰለፈ፣ እየሳተም ጭምር ነው። እንዲህ ያለ ዕድል የሚጠብቁ ልጆች በእኛም አካባቢ አሉ፤ እዚህ በብቸና አቅራቢያ ባለችው ዲማ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከብት ጠባቂ ልጆች በባዶ እግራቸው የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጭቃው የያዘባቸውን ኳስ በአንድ ንክኪ አውጥተው ሲያቀብሉ ማየት ያስደንቃል። ይህን ችሎታ ብሎ ከብቸና ወዲህ የሚዘልቅ መልማይ ግን አላየሁም። የባሕር ዳር ከነማና የፋሲል ከነማ ኃላፊዎች ሆይ፣ ዘንድሮ ቢያንስ አንድ ታዳጊ በቋሚነት አሰልፉ፤ መልማዮቻችሁንም እስከ ዲማ ላኩ።