ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ማን ጠበቀው?

ፊልሙን ያላየ አንባቢ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ አቁሞ ቢሄድ ቅር አይለኝም። የምጽፈው ስለ አንድ ፍጻሜ ነውና ፍጻሜውን ሳልናገር ልጽፍ አልችልም።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1995 ለዕይታ የበቃው «ሰቨን» ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ሰባት»። ሆዳምነት፣ ስግብግብነት፣ ስንፍና፣ ዝሙት፣ ትዕቢት፣ ቅናትና ቁጣ፤ እነዚህን ሰባት ኃጢአቶች እንደ ምዕራፍ እየቆጠረ ሰው የሚገድል አንድ ተከታታይ ገዳይ አለ። የሚያድኑት መርማሪዎች ሁለት ናቸው፤ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ቀን የቀረው ሶመርሴትና ከሚስቱ ጋር ወደ ከተማይቱ ገና የመጣው ወጣቱ ሚልስ። ከተማይቱ ስም የላትም። ዝናብ ግን አላት፤ ሌትና ቀን የማያባራ ዝናብ።

ስለዚህ ፊልም ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት ብራድ ፒትና ሞርጋን ፍሪማን ናቸው። ትንሽ ጠለቅ ያለው ተመልካች ዳይሬክተሩን ዴቪድ ፊንቸርን ይጨምራል። እኔ የፊደል ሰፈር ሰው ስለሆንኩ ወሬውን ከደራሲው ልጀምር እወዳለሁ። አስተያየቴም ይህ ነው፦ «ሰባት» ትልቅ ፊልም የሆነው በግድያዎቹ አይደለም። አንድ ስሙ ያልታወቀ ጸሐፊ የጻፋት የመጨረሻ ገጽ ተቀዳ እንዳትወጣ ጥቂት ሰዎች በየተራ ዘብ ስለቆሙላት ነው።

ደራሲው አንድሩ ኬቪን ዎከር ይባላል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከፔንሲልቫንያ ወደ ኒው ዮርክ መጥቶ «ታወር ሪከርድስ» በሚባል የሙዚቃ መደብር ተቀጠረ። ቀን ሒሳብ እየተቀበለ መልስ ይመልሳል፤ ከሥራ ውጭ ባለው ሰዓት ይጽፋል። ኒው ዮርክን እንዳልወደዳት፣ ነገር ግን እዚያ ባይኖር ኖሮ ይህን ታሪክ እንደማይጽፈው ኋላ ላይ ተናግሯል። ከመስኮት ኋላ ቆሞ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው ይህን ዓይነት ታሪክ ሲያነብ ልቡ እንደሚሞቅ መደበቅ አያስፈልገኝም። እኔም ሥራዬ ያው ነው፤ የእኔ መደብር ባንክ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ፊት ለረጅም ጊዜ ሲታይ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። በዎከር ከተማ ውስጥ ያለው የሰው ልጅ መሰላቸት ከመጽሐፍ የተቀዳ እንዳልሆነ የሚገባኝም ለዚህ ይመስለኛል።

የጻፈው ፍጻሜ ይህን ይመስላል። ገዳዩ ራሱ መጥቶ እጁን ይሰጣል። ሁለቱን መርማሪዎች ከከተማ ውጭ ወዳለ ደረቅ ሜዳ ይወስዳቸዋል። በዚያ ምድረ በዳ የዕቃ ማመላለሻ መኪና መጥቶ አንድ የካርቶን ሣጥን ያደርሳል። ሶመርሴት ይከፍተዋል። የሚልስ ሚስት ራስ ነው። ገዳዩ በሚልስ ትዳር መቅናቱን፣ ያ ኃጢአቱም እንደሆነ ይናገራል፤ ሚልስ ተኩሶ ይገድለዋል፤ በዚህም «ቁጣ» የሚለውን የመጨረሻ ምዕራፍ በገዛ እጁ ይሞላለታል። ገዳዩ ሞቶ ያሸንፋል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሆሊዉድ ሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ጽሑፉ ተገዛ፤ ወዲያውም ፍጻሜው በዛ ተባለ። ዎከር ራሱ ተጠይቆ ሣጥኑ የሌለበት ሌላ ቅጂ ጻፈ። ደራሲውን አልፈርድበትም። ያልታወቀ ጸሐፊ በመጀመሪያ ሥራው ላይ «አይሆንም» ቢል፣ «እሺ፣ በሌላ ሰው እናስጽፈዋለን» ነው መልሱ።

እዚህ ላይ ነው ስሕተት ውለታ የዋለችው። ፊንቸር እ.ኤ.አ. በ1992 «ኤሊየን 3»ን ሠርቶ የወጣ ወጣት ዳይሬክተር ነበር፤ የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ የስቱዲዮው ሰዎች እጅ በየገጹ እየገባ አንገሽግሾት ነበር። ከዚያ በፊት ማስታወቂያና የሙዚቃ ቪዲዮ ይሠራ ነበር። የ«ሰባት»ን ጽሑፍ ሲልኩለት በስሕተት የድሮውን፣ ሣጥኑ ያለበትን ቅጂ ላኩለት። አነበበው፤ ወደደው። የላክንልህ ሌላውን መሆን ነበረበት ሲሉት፣ እኔ የምሠራው ይህንኛውን ነው አለ። በአንድ ተላላኪ መዘንጋት የዳነ ድርሰት! (ለጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው «ዕድል ነው» ይሉኛል። ዕድል ነው፤ ዕድሉን ያነበበው ሰው ግን ፊንቸር ነው።)

ሁለተኛው ዘብ ብራድ ፒት ነበር። ፒት ያን ጊዜ ፊቱ ብቻውን ትኬት የሚያሸጥ ተዋናይ ሆኗል። ወደ ፊልሙ ሲገባ በውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጻፈ፦ ራሱ ከሣጥኑ አይወጣም፤ ሚልስም ገዳዩን ይገድላል። ፊልሙ ተቀርጾ ለሙከራ ከታየ በኋላ የኩባንያው ሰዎች በፍጻሜው ሲደነግጡ፣ ሚልስ ከሚያብድ ሶመርሴት ቢተኩስ ይሻላል የሚል አማራጭ ሲቀርብ፣ ያ ውል እዚያው ነበረ። ስለ ፒት ትወና ብዙ ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሲጮኽ ልኩን ያለፈ የሚመስልበት ቦታ አለ። ሆኖም አንድ ተዋናይ ስለ ስሙ መጠን፣ ስለ ክፍያውና ስለ ማረፊያ መኪናው ሳይሆን ስለ አንድ ገጽ ውል ሲያስፈርም የሰማሁት የርሱን ነው።

ስለ ቀሩት ባለሙያዎች ሳስብ የሚደንቀኝ ሁሉም የሠሩት አንድ ሥራ መሆኑ ነው፤ መደበቅ። ልብ በሉ፤ ስለ ተከታታይ ገዳይ በተሠራው በዚህ ፊልም ውስጥ ገዳዩ ሲገድል አንድም ጊዜ አናየውም። የምናየው ከተገደለ በኋላ ያለውን ክፍል ነው። ዓይናችን እያየ የሚፈጸመው ብቸኛው ግድያ የገዳዩ የራሱ ነው፤ የሚገድለውም ከኛ ወገን የሆነው ነው።

የካሜራው ሰው ዳርየስ ኮንጂ ነበር፤ ቴህራን ተወልዶ ፈረንሣይ ያደገ ባለሙያ። ክፍሎቹን በጨለማ ሞላቸው፤ መርማሪዎቹ በእጅ ባትሪ ብርሃን እያበሩ ሲገቡ እኛም የምናየው ያቺ ክብ ብርሃን ያረፈችበትን ብቻ ነው። ከፊልሙ ቅጂዎች በከፊሉ ላይ ፊልሙ ሲታጠብ ብሩ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣ ተደርጓል፤ ጥቁሩ እንዲያ የከበደው በዚህ ነው። ሬሳዎቹን የሠራው የሜካፕ ባለሙያው ሮብ ቦቲን ነው። አልጋ ላይ ታስሮ የከረመውን የ«ስንፍና» ሰው የተጫወተው ማይክል ሪድ ማኬይ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ድንገት ሲያስል ግን ከመቀመጫዬ የዘለልኩትን እስከ ዛሬ አልረሳም። ያን ጊዜ ፊልሙን የማየው በተማሪዎች ዶርም ውስጥ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ከአምስት ልጆች ጋር ነበር፤ አምስቱም ዘለዋል።

ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የገዳዩ ደብተሮች ነገር ነው። ክላይቭ ፒርሲና ጆን ሳበል የሚባሉ ሁለት ሰዎች የገዳዩን ደብተሮች በእጃቸው ሠሯቸው፤ በውስጣቸው የሚነበብ ጽሑፍ አለ፣ የተለጠፈ ፎቶ አለ፣ የተሰፋ ገጽ አለ። በፊልሙ ውስጥ እነዚህ ደብተሮች የሚታዩት ለጥቂት ሰከንዶች ነው። ካይል ኩፐር የፊልሙን መክፈቻ ስሞች ሲሠራ ወደ ደብተሮቹ ተመለሰ፤ በምላጭ የጣት ቆዳ ሲላጭ፣ መርፌ ወረቀት ሲወጋ፣ በፊልሙ ላይ በእጅ የተፋቀ ስም ብቅ ብሎ ሲጠፋ እናያለን። ገዳዩን ሳናየው እየጻፈ እናገኘዋለን ማለት ነው። የጸሐፊን ጠረጴዛ እንዲህ አስፈሪ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ፊልም የለም። ደብተር የሚያከማች ሰው ሁሉ ያን መክፈቻ ሲያይ የራሱን መሳቢያ ማሰቡ አይቀርም።

የገዳዩን ስም ተሸክሞ የተጫወተው ኬቪን ስፔሲም ከተደበቁት አንዱ ነው። በመክፈቻው ላይ ስሙ የለም፤ በማስታወቂያውም አልነበረም፤ ይህንም የፈለገው ራሱ ነው። ተመልካቹ የታወቀ ስም አንብቦ «እስቲ መቼ ይመጣል» እያለ እንዳይጠብቅ ነው ነገሩ። እጁ በደም ተነክሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ፊልሙ አብዛኛውን መንገድ ጨርሷል። የመዝጊያው ጽሑፍ ግን ስሙን ከሁሉ አስቀድሞ ያመጣዋል፤ እንደ ሌላው ፊልም ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች እየወረደ። ደራሲው ዎከርም አለ፤ በመጀመሪያው የወንጀል ስፍራ ወለሉ ላይ የተዘረረው ሬሳ እርሱ ነው። ደራሲን ሬሳ አድርጎ ፊልም መጀመር ቀልድ ነው፤ የሆሊዉድን ነገር ለሚያውቅ ግን ቀልዱ መራራ ነው።

በዚህ ሁሉ ድብቆሽ «ሰምና ወርቅ ነው» ብዬ እንድጽፍ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። አልጽፍም፤ የተደበቀ ነገር ሁሉ ቅኔ አይደለም። በቅኔ ወርቁ በመጨረሻ ይገኛል። እዚህ ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ካሜራው እስከ መጨረሻው አያሳየንም፤ የምናየው የሞርጋን ፍሪማንን ፊት ነው። ፍሪማን ሣጥኑን ከፍቶ ወደ ኋላ ይላል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ከዚህ የተነሣ ራሱን በዓይናቸው እንዳዩ የሚከራከሩ ተመልካቾች አሉ። ኤዲተሩ ሪቻርድ ፍራንሲስ-ብሩስ ደግሞ ሚልስ ከመተኮሱ በፊት የሚስቱን ፊት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ያስገባዋል፤ ሕያው፣ ፈገግ ያለ ፊት። አየሁ ሳትል ያልፋል። ፊልሙ ለኦስካር የታጨው በዚህ አርትዖት ብቻ ነበር፤ ሽልማቱን «አፖሎ 13» ወሰደው። የአካዳሚው ሰዎች ኮንጂን አለማጨታቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ይህን ሁሉ ካወደስኩ በኋላ ሁለት ቅሬታ አለኝ።

አንደኛው ስለ ትሬሲ ነው። ግዊኔት ፓልትሮው የተጫወተቻት የሚልስ ሚስት በፊልሙ ውስጥ ያላት ጊዜ አጭር ነው፤ ሞቷም የሁለት ወንዶች ጉዳይ መቋጫ ሆኖ ቀርቷል። ይህን የሚሉ ሴት አንባብያን ትክክል ናቸው፤ ዎከርን እየወደድኩም ልከራከርላቸው አልደፍርም። የሚያድነው ነገር ቢኖር ያ የቁርስ ቤቱ ትዕይንት ነው። ትሬሲ ሶመርሴትን ለብቻው ጠርታ ማርገዟን ትነግረዋለች፤ ባሏ አያውቅም። ፍሪማን ከዓመታት በፊት እርሱም እንዲህ ያለ ምርጫ ገጥሞት እንደነበር ሲነግራት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሁለቱ ተዋንያን ያንን ትዕይንት እንዲያ ባይጫወቱት ኖሮ ሣጥኑ ባዶ ማስፈራሪያ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የመጨረሻው ንግግር ነው። ፊልሙ ተኩሱ ላይ እንዲያበቃና ማያው እንዲጨልም ነበር የታሰበው። ኩባንያው ፈራ፤ ሚልስ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ ተጨመረ፤ በላዩም ሶመርሴት ሄሚንግዌይን እየጠቀሰ ስለ ዓለም የሚናገራት ዓረፍተ ነገር ገባች። ፍሪማን እንደሚናገራት ያለ ማንም አይናገራትም፤ ሆኖም ማጣፈጫ ናት። ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሌሊቱን ከዳንቴና ከቻውሰር ጋር ላሳለፈ ሰው፣ የገዳዩንም ፈለግ በተዋሳቸው መጻሕፍት ዝርዝር ላገኘ መርማሪ፣ በዚያ ሰዓት ጥቅስ ትዝ ይለዋል ብዬ አላምንም። መጽሐፍ የሚወድ ሰው እንዲህ ባለ ቀን መጀመሪያ የሚያጣው ጥቅሱን ነው።

ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ320 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ይህን ቁጥር የምጠቅሰው ገንዘብ መቁጠር ስለለመደብኝ ብቻ አይደለም፤ «አንባቢው አይችለውም፣ ተመልካቹ ይከፋዋል» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት የገበያውን ነገር ስለሆነ ነው።

ለኔ ነገሩ ቅርብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ግጥሜን ሊያትም የተቀበለ አዘጋጅ የመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች «ተስፋ ያስቆርጣሉ» አለኝ። ግጥሙ ልጇ ከባሕር ማዶ ገንዘብ ልኮላት፣ ገንዘቡን ልትቀበል በመጣችበት ቀን መርዶውን ስለ ሰማች እናት ነበር። ስንኞቹን ቀየርኳቸው። በአዲሶቹ ስንኞች ልጁ ይደውላል፤ እናቲቱ እልል ትላለች። ግጥሙ ታተመ፤ ሰዎችም ወደዱት። ባልደረቦቼ አንዷ ቆርጣ መስኮቷ ላይ ለጥፋው ነበር። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሲያነባት አየዋለሁ፤ ፈገግ ይላል። የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች አሁንም ደብተሬ ውስጥ አሉ፤ በእርሳስ የተሰረዙ፣ ነገር ግን የሚነበቡ።